ያላለቀው ንግግርና የዳልቻ ጀርባ

አንድ ጊዜ፣ አንበሶች ከሐይቅ ማዶ እየተሻገሩ የረገጡትን ሸለቆ ሁሉ «የእኛ ነው» በሚሉበት ዘመን፣ ዳልቻ የሚባል አህያ ነበረ። የተወለደበት ሸለቆ ወንዝ ነበረው፤ ወንዙ ግን የአንበሶቹ ሆኗል። ሌላው እንስሳ የሚጠጣው በቀን አንዴ ነው፤ እሱንም አንበሶቹ ገላቸውን ታጥበው ካደፈረሱት በታች።

የዳልቻ ሥራ ሥጋ መሸከም ነበር። አንበሶቹ ሜዳ ላይ ይገድላሉ፤ አህዮች ተጭነው ዳገቱን ይወጡና ዋሻው በር ላይ ያራግፋሉ። ዳልቻ ጭነት የጀመረው ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው። አንድ ቀን የጫኑበትን ሥጋ ዞር ብሎ ቢያየው የአክስቱ ልጅ ሆኖ አገኘው። ተጭኖ ሄደ። አራግፎ ተመለሰ። ስለዚህ ነገር ለማንም አላወራም፤ የጠየቀውም የለም።

ሸለቆው አንበሶቹ ከመምጣታቸው በፊት የራሱ ወግ ነበረው። ሜዳው መሐል የሸንጎ ድንጋይ የሚሉት ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አለ። ነገር ያለው እንስሳ እሱ ላይ ወጥቶ ይናገራል። ተናጋሪው በገዛ እግሩ እስኪወርድ ድረስ ሌላው አይናገርም፣ ጥሎት አይሄድም፣ ውኃ እንኳ አይጠጣም። ተናጋሪን ከቆመበት የጣለ ለአያ ጅቦ ይሰጣል። ወጉ የወጣው ድሮ ሸንጎ ሁሉ በርግጫና በቀንድ እያለቀ ስላስቸገረ ነው ይላሉ።

ጥሩ ወግ ነበር። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ አላግባብ የተጠቀመበት አልታየም። ለምን እንዳልታየ ግን ያሰበ የለም። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። ጥቁር ድንጋይ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እንደ ፍም ይግላል። የሸለቆው አንደበተ ርቱዕ ሁሉ፣ ስንት ምሳሌ ቢቀረው፣ ረፋዱ ላይ አንዱን እግሩን እያነሳ ሌላውን እያስቀመጠ «በዚሁ ላብቃ» ይል ነበር።

አንበሶቹ ሲመጡ ሸንጎውን ከለከሉ። ሽማግሌው አንበሳ በየማለዳው ድንጋዩ ላይ እየተጋደመ ፀሐይ ይሞቅበት ጀመር። እንስሳቱ ዝም አሉ። ዝምታው ረጅም ዘመን ቆየ።

ዝምታውን የሰበረው ቀበሮ ነው። ይህ ቀበሮ ከሐይቅ ማዶ ሄዶ፣ አንበሶች ግልገሎቻቸውን ከሚያስተምሩበት ዋሻ ደጅ ሦስት ክረምት ተቀምጦ የተመለሰ ነበር። የተማረውም ማግሣት ነው። ግን ደረቱ ጠባብ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን በግሣት ይጀምርና በቀበሮ ጩኸት ይጨርሰዋል። ስሙንም አባ ንጋት አሰኝቶ መጣ። ማን እንዳወጣለት ሲጠይቁት «ታሪክ» ይል ነበር።

አባ ንጋት አንድ ችግር ነበረበት። አጭር ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ ሲናገር ከፊት ካሉት ፍየሎች በቀር የሚያየው የለም። ኩይሳ ላይ ወጥቶ ሞከረ፤ ከኋላ የቆሙት ጆሮውን ብቻ አዩ። በዚያ ላይ አንበሶቹ በደረሱ ቁጥር ኩይሳው እዚያው ይቀራል፤ እሱ ይሮጣል፤ ንግግሩ ይቋረጣል። አንድ ቀን ዳልቻ ጥላ ሥር ቆሞ ጀርባውን ከግንድ ጋር ሲያክክ ቀበሮ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞረው።

«ወንድም ዳልቻ፣ ይህ ጀርባህ ምን ያህል ይችላል?»

«የሞተ ጎሽ ይችላል።»

«የቆመ ቀበሮስ?»

ዳልቻ አሰበ። «የሞተ ይሻላል» አለ። «አይወራጭም።»

ቀበሮ ሳቀና ጠጋ አለ። ይህ የመጨረሻው ሸክም እንደሆነ፣ እሱም ቢሆን ሸክም ሊባል እንደማይገባው አስረዳው። የነጻነት ቀን ሲመጣ በዚህ ሸለቆ ማንም እንስሳ ሌላውን እንስሳ እንደማይሸከም ነገረው። «ይህን ቃል ራሴ በአደባባይ እናገራለሁ» አለ። «እዚያው ጀርባህ ላይ ቆሜ።»

ዳልቻ በቃል የሚታለል አልነበረም። ያቺን አንድ ቃል ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቃት ኖሯል። ጀርባውን ሰጠ።

ነገሩ ሠመረ። ቀበሮ ዳልቻ ላይ ሲቆም ከበሬ ቀንድ በላይ ይታያል። አንበሳ መጣ ሲባል ደግሞ መድረኩ ራሱ ተናጋሪውን ይዞ ይሮጣል። እንስሳቱ በዚህ ዘዴ ተደሰቱና አንድ ነገር መወሰን አለብን አሉ፤ የድንጋዩ ወግ ለአህያ ጀርባም ይሠራል ወይ? የወጉ ጠባቂ እመት ኤሊ ነበረች። አንገቷን ከቅርፊቷ አውጥታ ዳልቻን ከኮቴው እስከ ጆሮው አየችው።

«አህያ ይግላል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ሳቁ። እመት ኤሊ አረጀች፣ ነገር ተደበላለቀባት ተባለ። ቀበሮም በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ ተናጋሪ የቆመበት ሁሉ የሸንጎ ድንጋይ ነው አለ። ተጨበጨበ። ወጉ እንዳለ ከድንጋዩ ወደ አህያው ተዛወረ። እመት ኤሊ አንገቷን መልሳ አስገባች።

ዳልቻ ንግግሩን ከሥር ሆኖ ነበር የሚሰማው። ሌላው በጆሮው ሲሰማ እሱ በክብደት ነበር የሚያውቀው። ቀበሮ «እኔ» ሲል በኋላ እግሩ ይቆማል፤ «እኛ» ሲል ይቀመጣል። ዳልቻ አከርካሪው ላይ ከሁሉ የሚያመው ቦታ የቱ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ንግግሩ ውስጥ የትኛው ቃል እንደሚበዛ ያውቅ ነበር። ቢሆንም እውነቱን መናገር ይገባል፤ ቀበሮ መናገር ይችል ነበር።

«ወገኖቼ» ይላል። «አንበሳ ይበላናል እያላችሁ ትፈራላችሁ። ከመጣ ጀምሮ ሲበላን ኖሯል። ከዚህ በላይ ምን ያደርገናል? አንዱን ሁለት ጊዜ አይበላ።»

ይህን ሲል በሬው ያለቅሳል፣ ፍየሎቹ መሬቱን ይደበድባሉ። ከዚያ ቀጥሎ «ማንም ማንንም አይሸከምም» የምትለው ትመጣለች። ዳልቻ ያችን ሲሰማ የጀርባው ጠጉር ይቆማል። ቀበሮ የሕዝቡ ስሜት መስሎት ይኮራል።

አንድ ማለዳ ሜዳው ላይ ጎሽ ተገደለና አህዮቹ እንዲጭኑ ተጠሩ። አህዮቹ መጡ፣ ጎሹን ከብበው ቆሙ፣ ጀርባቸውን ግን አልሰጡም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ዳልቻ መሐላቸው ነበረ። አንበሶቹ አንዱን በሉ። በማግስቱ ሌላ። አህዮቹ ቆሙ። አሥራ አንድ ተበሉ። አንበሳ መግደል እንጂ መሸከም አያውቅም፤ ገድሎ መጎተት፣ ጎትቶ ዳገት መውጣት፣ ዝንብ እየወረረው ማረፍ ታከተው። ወር ሳይሞላ አንበሶቹ ወደ መጡበት ሊመለሱ ዕቃቸውን ሸካከፉ።

ቀበሮ በእነዚያ ቀናት ሸለቆው ውስጥ አልነበረም። ስለ አህዮቹ ጀግንነት ለማስረዳት ጎረቤት ሸለቆ ሄዶ ነበር። ልብ የሚነካ ንግግር አደረገ ይላሉ።

ለርክክቡ ግን በሰዓቱ ደረሰ። እንስሳቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት ዳልቻ ላይ ወጥቶ ከሽማግሌው አንበሳ ፊት ለፊት ቆመ። አንበሳው በራሱ ቋንቋ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። ቀበሮ በዚያው ቋንቋ መለሰለት። ሕዝቡ ምን ተባለ ብሎ ጠየቀ። ቀበሮ ዞሮ፣ አንበሳው «ክንዳችሁን ፈርተን ሄድን» እንዳለ ተረጎመ። እልልታው ሸለቆውን ሞላው።

ዳልቻ ዋሻ በር ላይ ሥጋ ሲያራግፍ ስላደገ የአንበሳ ቋንቋ ይሰማል። አንበሳው ያለው «ቦታው ገና ሞቅ እንዳለ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጥበት» ነው። ቀበሮም የመለሰው «አመሰግናለሁ፣ ጌታዬ» ነበር። ዳልቻ ይህንንም ለማንም አላወራም። የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀበሮ እስኪወርድ።

ቀበሮ አልወረደም።

መጀመሪያ ስለ ድንጋዩ ተናገረ። አንበሳ የተጋደመበት የሸንጎ ድንጋይ የባርነት መታሰቢያ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይረግጠው አዘዘ። ቀጥሎ ሹመት ሰጠ። አያ ጅቦን የጭብጨባ ሹም አደረገው። አያ ጅቦ ሹመቱ የሚበላ ነገር እንዳለው ጠየቀ። ቀበሮም ወጉን አስታወሰው፤ ተናጋሪን የጣለ የማን እንደሆነ ጠየቀው። አያ ጅቦ ለማሰብ ጊዜ ወሰደ፤ ከዚያ የዳልቻን ታፋ አየና አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከታፋው አላነሳም።

ከዚያ የነጻነት ንግግሩ ተጀመረ። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ቀበሮ ስለ ቀድሞ አባቶች ይናገራል። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ቀበሮ ከሐይቅ ማዶ ስላሳለፈው ችግር ይናገራል። ሌላው እንስሳ ሁሉ ከአንቱታ ጋር «አባ ንጋት እርስዎ» ማለት ጀምሯል። ዳልቻ ግን አንተ ማለቱን አልተወም፤ ጀርባው ላይ የሸናበትን እንስሳ እርስዎ ማለት አልሆነለትም።

ማምሻው ላይ ቀበሮ ትንፋሽ ሲወስድ ዳልቻ አፉን ሳይከፍት ተናገረው።

«አልወረድክም።»

«ገና መግቢያው ላይ ነኝ።»

«የነጻነት ቀን ማንም አይሸከምም ብለህ ነበር።»

«ማን ተሸከመ?» አለ ቀበሮ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ። «ሸክም ማለት ሥጋ ነው። አንተ መድረክ ነህ። መድረክ አይሸከምም፤ ያከብራል።»

«ክብሩ ከጎሹ ይከብዳል።»

«ዳልቻ፣ አያ ጅቦ እንዴት እንደሚያይህ አይተሃል? እኔ ከወደቅሁ አንተ ራት ነህ። ስለዚህ ደህና አድርገህ ቁም። ደግሞም መድረክ አይናገርም።»

ዳልቻ ደህና አድርጎ ቆመ። አማራጭ አልነበረውም። ቀበሮን ከጣለ ይበላል፤ ካልጣለ ቆሞ ይሞታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ቀን የበጋ ፀሐይ ያለው ቀን ነበር። ወንዙ ከሜዳው ሥር፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያብለጨልጫል። አሁን የማንም ወንዝ አይደለም፤ የሁሉም ነው። ግን ተናጋሪው ስላልወረደ የሚጠጣው የለም። ሁለት የፍየል ግልገሎች ወደቁ። በሬው ምላሱን አውጥቶ ወደ ወንዙ አየ፤ አያ ጅቦ በዓይኑ መለሰው። ለቀበሮ ብቻ የጅግራ እንቁላል ይቀርብለታል። ሕዝብን የሚያገለግል ጉሮሮ መድረቅ የለበትም ብሎ አስረድቷል። አንድ እንቁላል በጠጣ ቁጥር እንስሳቱ ሁሉ አብረውት ምራቃቸውን ይውጣሉ፤ እሱም ባይኖራቸውም።

ሰዎች ሆይ፣ ለምን ጥለውት አልሄዱም ትሉ ይሆናል። ነጻ የወጡት ትናንት ነው። ነጻ ያወጣቸው አፍ ይህ ነው ተብለዋል። ነጻ ያወጣን አፍ ሲናገር ጥሎ መሄድ ነውር ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ፣ አሁን ያበቃል፣ ይቺ መደምደሚያው ነች ይላል። ቀበሮም አልፎ አልፎ «በመጨረሻም» ይላል። «በመጨረሻም» ያለው በሁለተኛው ቀን ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የቀበሮ ድምፅ ሰለለ። ዓይኑ ይከደን ጀመር። ብልጥ ነውና ድካሙን የሚሸፍንበት ነገር ፈለገ፤ አገኘም።

«አሁን» አለ፣ «ስለ ነጻነታችን ለወደቁት አሥራ አንድ ሰማዕታት በኅሊና ጸሎት እንቆማለን። እኔ አበቃ እስክል ድረስ ማንም ቀና እንዳይል።»

እንስሳቱ አንገታቸውን ደፉ። ዳልቻም ደፋ። እሱ አሥራ አንዱንም በስም ያውቃቸው ነበር። በልቡ ይጠራቸው ጀመር። ቡላ። አሞሌ። ሻንቆ። ሻንቆ አንካሳ ነበር፤ መቆሙ ብቻ ሥራ ነበር ለሱ። ጠይሜ። ጎራው። ሁለቱ መንትዮች፣ ቀዩና ሰንበቴ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ጀርባው ላይ ያለው ክብደት ተለወጠ። አራቱ እግሮች ላሉ። ሆድ አከርካሪው ላይ ተደፋ። ከዚያ ቀጭን ማንኮራፋት ተሰማ።

ዳልቻ ጆሮውን አላንቀሳቀሰም። የቀሩትን አራት ስሞች ጠራ። አልተቻኮለም። አሥራ አንደኛውን ጠርቶ ሲጨርስ አንድ እግሩን አነሳ፣ ከፊቱ አሳረፈው። ከዚያ ሌላውን። ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረ።

አንገታቸውን የደፉት እንስሳት የኮቴ ድምፅ ሰሙ። ቀና እንዳይሉ ታዘዋል። ተናጋሪን ጥሎ መሄድ ወግ አይደለም፤ አሁን ግን የሚሄደው ተናጋሪው ነው። እንግዲያው ጥሎ መቅረትም ያው ነው። አንገታቸውን እንደደፉ ተከተሉት። አያ ጅቦ ነገሩ ግራ ገባው። ወደ እመት ኤሊ ዞሮ፣ መድረክ መሄድ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቃት። እመት ኤሊ፣ ድንጋይ ሄዶ ስለማያውቅ ወጉ ስለ መሄድ የሚለው ነገር የለም ብላ መለሰችለትና እሷም በበሬው ጭራ ተንጠልጥላ ወረደች።

ቀበሮ የነቃው ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ዛፎች ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ወደ ኋላ ቢያይ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይከተለዋል። ሌላ ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ቀበሮ ግን ቀበሮ ነው፤ ብድግ ብሎ የፊት እግሩን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«ወደፊት፣ ወገኖቼ፣ ወደፊት» አለ። «እኔ የምመራችሁ ጉዞ ተጀመረ።»

ጭብጨባው ደካማ ነበር። ቀበሮ ወደ ዳልቻ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ወዴት ነው?»

«ወደፊት።»

«ፊት ለፊት ወንዝ ነው።»

«አየሁት።»

ዳልቻ ዳር ላይ አልቆመም። ኮቴው ውኃ ነካ፤ ጉልበቱ ገባ። የሦስት ቀን ጥም ያለበት አፉ ከውኃው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። አልጠጣም። ተናጋሪ ሳይወርድ አይጠጣም። ከኋላው እንስሳቱ ዳርቻውን ሞልተው ቆሙ፤ የፊቶቹ እግራቸው ረጥቧል፤ ምላሳቸው ተንጠልጥሏል፤ አንዱም አልጎነበሰም። ሁሉም ቀበሮን ያያሉ።

ቀበሮ ንግግሩን ቀጠለ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም። ውኃው የዳልቻ ሆድ ሲደርስ ስለ ሸለቆዎች ሁሉ አንድነት እያስረዳ ነበር። ውኃው ጎኑ ሲደርስ አንድነቱን ትቶ ስለ ጭራው ማሰብ ጀመረ። ዳልቻ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ሦስት ቀን ቆሟል፤ ወንዙ መሐሉ ላይ ይገፋል። አንዲት ድንጋይ ብታዳልጠው ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ቢተርፍ እንኳ ቀበሮን ጥሏልና ጅቡ ዳር ላይ አለ። ኮቴውን እየዳበሰ አንድ እርምጃ ጨመረ።

«ተመለስ» አለ ቀበሮ በጥርሱ መሐል።

«መድረክ አይናገርም ብለሃል። አይሰማምም።»

«እየጣልከኝ ነው። ለጅብ እንደምትሰጥ ታውቃለህ።»

«አልጣልኩህም። ከነክብርህ ቆመሃል። ንግግርህን ቀጥል፤ የፈለግህን ያህል ተናገር። እኔ እቆያለሁ።»

ውኃው የቀበሮን እግር ነካ። ቀበሮ ወደ ዳርቻው ዞሮ አያ ጅቦን ጠራው። ቶሎ ገብቶ ጀርባውን እንዲሰጠው፣ ከመድረክ ወደ መድረክ እንደሚሻገር፣ ንግግሩም እንደማይቋረጥ ነገረው። አያ ጅቦ ሁለት እርምጃ ገባ። ከዚያ ቆመ። ማሰብ ጀመረ። አያ ጅቦ ሲያስብ ከሩቅ ይታወቃል፤ አፉ ይከፈታል።

«አባ ንጋት፣ እርስዎ በእግርዎ ወደኔ ከተሻገሩ፣ አህያው አልጣለዎትም ማለት ነው?»

«ማለት ነው። ፍጠን።»

«ከወደቁስ?»

«አያ ጅቦ፣ ፍጠን።»

«ከወደቁማ አህያው የኔ ነው» አለ አያ ጅቦ፤ ነገሩ አሁን ሙሉ በሙሉ ገብቶት ነበር። ሁለቱን እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰና ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ። «እጠብቃለሁ» አለ።

ቀበሮ ወዳጁን አየ። ሕዝቡን አየ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያየው የነበረ ሕዝብ ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ምን እንዳለ ያየው ግን አሁን ነው። ጥም ብቻ ነበር። ስለ እሱ የሚያስብ አንድም አልነበረም። ውኃው ሆዱ ደረሰ።

«በዚሁ ላብቃ» አለ ቀበሮ፣ ወርዶም መዋኘት ጀመረ።

እግሩ ከዳልቻ ጀርባ ከመልቀቁ እንስሳቱ ሁሉ አንድ ላይ ጎነበሱ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተሰማው የመጠጣት ድምፅ ብቻ ነው። ዳልቻ ቆሞበት ከነበረው ቦታ ሳይነቃነቅ አፉን ነከረ።

አያ ጅቦ ግን ተነሥቶ ጮኸ፤ አህያው ተናጋሪውን ጥሏል፣ ይሰጠኝ አለ። እመት ኤሊ ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ አስቆመችው።

«በስንት እግሩ ወረደ?» አለችው።

«በአራቱም» አለ አያ ጅቦ። መዋሸት አእምሮ ይፈልጋል።

«በማን እግር?»

«በራሱ።»

«እንግዲህ ምን ቀረህ?»

«ረሃቡ» አለ አያ ጅቦ፣ አዝኖ ሄደ።

ቀበሮ ከታች በኩል ዳርቻው ላይ ወጣ። ጠጉሩ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ እንደ ገመድ ቀጥኗል። ራሱን አራገፈ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ሕዝቡን ወደ ውኃ የመራ ማን እንደሆነ መናገር ጀመረ። ሣሩ ረጅም ነበርና የሚያየው አልነበረም። አንዲት ፍየል ዞር ብላ ከየት እንደሚመጣ ፈለገች፤ ስታጣው ወደ ውኃዋ ተመለሰች።

ክረምት አልፎ ሣሩ ሲበስል ከጎረቤት ሸለቆ አንዲት በቅሎ መጥታ ዳልቻ አጠገብ ትግጥ ጀመር። እንግዳ ነችና ወሬ ጠየቃት። አባ ንጋት የሚባል ታላቅ መሪ እነሱ ዘንድ እንደመጣ ነገረችው። ይህ መሪ ሕዝቡን ከፊት ሆኖ፣ በገዛ እግሩ ወንዝ ያሻገረ ነው ይባላል አለች። አሁንም እየተናገረ ነው፤ እሷ የመጣችው ሕመም አለብኝ ብላ ለአንድ ቀን አስፈቅዳ ነው።

«ምን ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው?» አለ ዳልቻ።

በቅሎዋ ዞር አለች። ዳልቻ ጀርባዋን አየው። አራት ቦታ ላይ ጠጉሩ ተመልጧል።

«ወንዛችሁ ጥልቅ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«መሐሉ» አለች።

«በመሐሉ ሂጂ» አለ ዳልቻ፣ ጎንበስ ብሎም ሣሩን ቀጠለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለ ነጻነት አሳምሮ የሚናገር ጀርባችን ላይ ሊወጣ ሲጠይቀን፣ ከማጨብጨባችን በፊት መቼና በየት እንደሚወርድ መወሰን እንዳለብን ነው።